ፊኛው ሳይወጣ ማዳን ይቻላልን?



በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ብዙ ሰው አስቦት የማያውቀውን፥ የደረሰበት ሰው ግን ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ የሚያወጣና የሚያወርደውን አንድ ጥያቄ ነው። አንድ ሰው በሽንት ፊኛው ውስጥ ካንሰር እንዳለ ሲነገረው፥ ከሞት ፍርሃት ቀጥሎ ወደ ልቡ የሚመጣው «ፊኛዬ ይወጣልን? ከእንግዲህስ እንዴት ሆኜ እሸናለሁ?» የሚለው አሳብ ነው። ይህን ፈርቶ ከሐኪም ቤት የሚቀር አለ፤ ቤተ ዘመድ ሲጠይቀው «ተሽሎኛል» እያለ ወራት ያሳልፋል፤ ሲመለስም በሽታው ከፊኛው አልፎ ይገኛል። ሌላው ደግሞ የተባለውን ሁሉ ሳይጠይቅ ይቀበልና፥ ሌላ መንገድ እንደ ነበረ የሚሰማው ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ነው። ሁለቱም የሚጎዱት ባለማወቅ ነው።

ስለዚህ ፊኛን ሳያወጡ የማከሚያ መንገዶች የትኞቹ እንደ ሆኑ፥ ለማን እንደሚሆኑና ምን ዋጋ እንደሚያስከፍሉ በተራ እንማራለን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ፊኛ እንዴት ያለ ነው?

ፊኛ ከእንብርት በታች በዳሌ አጥንቶች መካከል የሚገኝ፥ ከሥጋ የተሠራ ከረጢት ነው። ሁለቱ ኩላሊቶች ከደም ያጣሩት ፈሳሽ በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች እየወረደ ይጠራቀምበታል። ሲሞላ ግማሽ ሊትር ገደማ ይይዛል።

ግድግዳውን በጭቃ ቤት ግድግዳ ብንመስለው ነገሩ ቶሎ ይገባናል። ከውስጥ በኩል ሽንቱ የሚነካው ስስ ልስን አለ፤ ከልስኑ ሥር እንደ ምርጊት ያለ ቀጭን ሥጋ አለ፤ ከዚያ ቀጥሎ እንደ ማገር ሆኖ ግድግዳውን የሚያቆመው ወፍራም ጡንቻ አለ፤ ከጡንቻው ውጭ ደግሞ ስብ አለ። አብዛኛው የፊኛ ካንሰር የሚነሣው ከውስጠኛው ልስን ነው። ልስኑና ምርጊቱ ላይ ብቻ ያለው ሊፋቅ ይችላል። ማገሩ ውስጥ ከገባ ግን መፋቅ ብቻውን አይበቃም፤ በሽታው ከዚያ ወደ ሌላው የሰውነት ክፍል የሚሄድበትን በር አግኝቷልና።

እንግዲህ የሕክምናው ምርጫ በዋናነት የሚቆመው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ካንሰሩ ጡንቻው ውስጥ ገብቷል ወይስ አልገባም? ደስ የሚያሰኘው ነገር፥ በሽታው ሲታወቅ ከአራት ሰዎች በሦስቱ ያህል ገና ጡንቻው ዘንድ ያልደረሰ መሆኑ ነው።

2. ምልክቱና ምንጩ

ዋናው ምልክት ሕመም የሌለው ደም ከሽንት ጋር መታየቱ ነው። አንድ ቀን ታይቶ ለወራት ሊጠፋ ይችላል፤ ሰውም ዳንሁ ይላል። የደሙ መጥፋት ግን የበሽታው መጥፋት አይደለም። በሴቶች ዘንድ ብዙ ጊዜ የወር አበባ ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እየመሰለ ስለሚታለፍ፥ እነርሱ ይበልጥ ይዘገያሉ። ቶሎ ቶሎ መሽናትና ሲሸኑ ማቃጠልም ከምልክቶቹ መካከል ናቸው።

በ2022 በዓለም ላይ ከ600 ሺህ በላይ ሰዎች በዚህ ካንሰር እንደ ተያዙ ተገምቷል፤ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ወንዶች ናቸው። ትልቁ ምክንያት ሲጋራ ነው። በጢሱ ውስጥ ያለው መርዝ ከሳንባ ወደ ደም ይገባል፤ ኩላሊት ያጣራዋል፤ ከዚያም በፊኛ ውስጥ ለሰዓታት ተጠራቅሞ ልስኑን ይጎዳል። በ1895 ሉድቪግ ሬን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በቀለም ፋብሪካ በሚሠሩ ሰዎች ላይ የፊኛ ዕጢ አይቶ አስታወቀ፤ አንዳንድ የቀለምና የጎማ ፋብሪካ ኬሚካሎች ይህን በሽታ እንደሚያመጡ ከዚያ ወዲህ በሚገባ ታውቋል።

በአፍሪካ ሌላ ምክንያት አለ፤ እርሱም የሽንት ቢልሃርዚያ ነው። ትሉ በፊኛው ግድግዳ ውስጥ ዕንቁላሉን ይጥላል፤ ከብዙ ዓመት ቁስለት በኋላ ካንሰር ሊነሣ ይችላል። በአገራችን ይህ ዓይነቱ ቢልሃርዚያ የሚገኘው በአዋሽና በዋቢ ሸበሌ ቆላማ ሸለቆዎች፥ እንዲሁም በሱዳን ጠረፍ በኩርሙክ አካባቢ ነው። ፕራዚኳንቴል በሚባለው ክኒን በጊዜው ይድናል።

3. ሐኪሙ እንዴት ያውቃል?

ሽንት ይመረመራል፤ አልትራሳውንድ ወይም ሲቲ ስካን ይነሣል። ነገር ግን እውነቱ የሚታወቀው ሲስቶስኮፒ በተባለው ምርመራ ነው፤ ይኸውም መብራትና ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ በሽንት ቧንቧ በኩል ገብቶ የፊኛው ውስጥ የሚታይበት ነው። ዕጢ ከተገኘ በሽተኛው ማደንዘዣ ተሰጥቶት፥ ሆድ ሳይከፈት በዚያው በሽንት ቧንቧ በኩል ዕጢው ተፍቆ ይወጣል። የወጣው ሥጋ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድንል ያስፈልጋል። ወደ ላቦራቶሪ በሄደው ሥጋ ውስጥ ጡንቻ ከሌለበት፥ ካንሰሩ ጡንቻ ውስጥ ገባ ወይም አልገባም ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ስለዚህ ሐኪሙ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሁለተኛ ጊዜ ልፋቅ ቢል፥ በሽተኛው «የመጀመሪያው ተበላሽቶ ነው» ብሎ መሸሽ አይገባውም። ፊኛውን ለማቆየት የሚቻል መሆኑ የሚለየው ብዙ ጊዜ በዚህ ሁለተኛ ምርመራ ነው።

4. ካንሰሩ ጡንቻው ውስጥ ሳይገባ ሲገኝ

በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ፊኛ አይወጣም። ዕጢው ይፋቃል፤ ከዚያም እንዳይመለስ መድኃኒት በፊኛው ውስጥ ይጨመራል። አደጋው ዝቅተኛ ለሆነው፥ ከተፋቀ በኋላ በአንድ ቀን ውስጥ እንደ ማይቶማይሲን ወይም ጄምሳይታቢን ያለ የካንሰር መድኃኒት አንድ ጊዜ ይጨመራል። መድኃኒቱ በደም ሥር ስለማይሰጥ ጠጉርን አያረግፍም።

አደጋው ከፍ ላለው ደግሞ የሚሰጠው ቢ.ሲ.ጂ. ነው። እናቶች ይህን ስም ያውቁታል፤ ሕፃን ሲወለድ ክንዱ ላይ የሚወጋው፥ ጠባሳ የሚተወው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ነው። በአማርኛችን የሳንባውንም በሽታ ካንሰርንም «ነቀርሳ» ብለን ስለምንጠራቸው ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ሁለቱ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው በጀርም የሚመጣና የሚተላለፍ ነው፤ ካንሰር ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይሁን እንጂ ለአንዱ ነቀርሳ መከላከያ እንዲሆን የተዘጋጀው ክትባት ለሌላው መድኃኒት ሆኖ ተገኘ። በ1976 አልቫሮ ሞራሌስ የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ በካናዳ በኪንግስተን ከተማ ዘጠኝ በሽተኞችን በቢ.ሲ.ጂ. አክመው ያገኙትን አስታወቁ። በ1990 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለዚሁ ሕክምና ፈቀደው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የተዳከመው ሕያው ጀርም በውኃ ተበጥብጦ በቀጭን ቱቦ ወደ ፊኛ ይገባል፤ በሽተኛው ሁለት ሰዓት ያህል ይዞት ይቆይና ይሸናዋል። ይህ በሳምንት አንድ ጊዜ ለስድስት ሳምንት ይደረጋል። ጀርሙ የፊኛውን ልስን ሲነካ የሰውነት ወታደሮች የሆኑት ነጭ የደም ሕዋሳት ይነቃሉ፤ እግረ መንገዳቸውንም የካንሰሩን ሕዋሳት ያጠፋሉ። እንደ ጥበቃ እንዲሆን ሕክምናው በየጊዜው ለሦስት ሳምንት እየተደገመ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ሊቀጥል ይችላል።

ማቃጠል፥ ቶሎ ቶሎ መሽናትና ቀላል ትኩሳት ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን የተለመዱ ናቸው። ትኩሳቱ ከፍ ካለ ወይም ካልበረደ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ከሕክምናው በኋላ ለስድስት ሰዓት ያህል ተቀምጦ መሽናትና መጸዳጃው ላይ በረኪና ማፍሰስ ይገባል፤ ጀርሙ ሕያው ነውና።

ቢ.ሲ.ጂ. ተሰጥቶ አደገኛው ዓይነት ከተመለሰ፥ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ፊኛው እንዲወጣ ይመክራሉ። ለኦፕራሲዮን የማይሆኑ ወይም ያልፈለጉ በሽተኞች እንዲታከሙባቸው በአሜሪካ በ2020 ፔምብሮሊዙማብ የተባለው በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት፥ በ2022 ደግሞ በየሦስት ወሩ ፊኛ ውስጥ የሚጨመር የጂን ሕክምና ተፈቅደዋል። ዋጋቸው ግን እጅግ ከፍ ያለ ነው።

5. ካንሰሩ ጡንቻው ውስጥ ሲገባ

ለብዙ ዘመን የዚህ መልስ አንድ ነበረ፤ ፊኛውን ማውጣት። በወንድ ከፊኛው ጋር ፕሮስቴት ይወጣል፤ በሴት ብዙ ጊዜ ማኅፀንም አብሮ ይወጣል። ሽንቱ የሚወጣበት ሌላ መንገድ ይሠራል። ከቀጭኑ አንጀት ጥቂት ተቆርጦ ሆድ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ በኩል ሽንቱ ወደ ከረጢት እንዲወርድ ይደረጋል፤ ወይም ከአንጀቱ ምትክ ፊኛ ይሰፋል።

ፊኛን ማውጣት እንደ ጠላት የሚታይ አይደለም። ብዙ ሰዎችን ከሞት አድኗል፤ ሆዳቸው ላይ ከረጢት ይዘው የሚሠሩ፥ የሚነግዱና ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ከባድ ኦፕራሲዮን ነው፤ የባልና የሚስትን ግንኙነትም ሊጎዳ ይችላል። ሰው ስለዚህ መጠየቁ እንደ ነውር ሊቆጠርበት አይገባም።

ሁለተኛው መንገድ ሦስት ሕክምናዎችን በአንድነት መስጠት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ እያንዳንዱ ብቻውን ደካማ ነው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ኃይል አላቸው።

አንደኛ፥ የሚታየው ዕጢ በተቻለ መጠን ሁሉ በሽንት ቧንቧ በኩል ተፍቆ ይወጣል።

ሁለተኛ፥ ፊኛው በጨረር ይታከማል። በእንግሊዝ አገር በተለመደው አሠራር ይህ በአራት ሳምንት 20 ጊዜ፥ ወይም በስድስት ሳምንት ተኩል 32 ጊዜ ይሰጣል። በሽተኛው አይደነዝዝም፤ ለጥቂት ደቂቃ ከመሣሪያው ሥር ተኝቶ ይነሣል።

ሦስተኛ፥ በዚያው ጊዜ የካንሰር መድኃኒት በደም ሥር ይሰጠዋል። መድኃኒቱ የካንሰሩን ሕዋሳት ጨረሩ ይበልጥ እንዲጎዳቸው ያደርጋል። ሲስፕላቲን የተለመደ ነው፤ ኩላሊቱ ለደከመ ግን ማይቶማይሲን ከፍሎሮዩራሲል ጋር ሊሰጠው ይችላል።

ከዚህ በኋላ ሲስቶስኮፒ ይደረጋል። ካንሰሩ ከጠፋ ፊኛው ይቆያል፤ በጡንቻው ውስጥ ካለ ግን ሳይዘገይ ይወጣል። የዚህ ሕክምና ቁልፉ ይህ ነው፤ ፊኛን የማቆየት ውል የሚጸናው ካንሰሩ እስከ ጠፋ ድረስ ብቻ ነው።

6. ይህ እንደሚሠራ በምን እናውቃለን?

በእንግሊዝ አገር 360 በሽተኞች የገቡበት ጥናት ውጤቱ በ2012 ታተመ። እኩሌቶቹ ጨረር ብቻ፥ እኩሌቶቹ ጨረርና መድኃኒት አንድ ላይ ተሰጣቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ በፊኛቸውና በዙሪያው ካንሰር ሳይመለስባቸው የቆዩት፥ ጨረር ብቻ ካገኙት ከመቶ 54፥ ሁለቱን ካገኙት ከመቶ 67 ነበሩ።

በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የሚገኘው የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ከ1986 እስከ 2013 በዚህ መንገድ ያከማቸውን 475 በሽተኞች ተከታትሏል። በአምስት ዓመት ውስጥ በዚህ ካንሰር ያልሞቱት ከመቶ 66 ነበሩ፤ ፊኛቸው በኋላ መውጣት ያስፈለገው ደግሞ ከመቶ 29 ያህል ነበሩ።

በ2023 የታተመው ጥናት ደግሞ በቦስተን፥ በቶሮንቶና በሎስ አንጀለስ የታከሙ 722 ሰዎችን አነጻጸረ። 440ዎቹ ፊኛቸው የወጣ፥ 282ቱ ፊኛቸው የቆየ ነበሩ፤ ሁሉም ለሁለቱም ሕክምና የሚሆኑ ነበሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል ሳይዛመትባቸው የቆዩት በአንደኛው ወገን ከመቶ 74፥ በሁለተኛው ከመቶ 75 ሆኑ። ይህ በዕጣ የተከፈለ ጥናት ስላልሆነ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ይሁን እንጂ በጥንቃቄ ለተመረጠ በሽተኛ ፊኛን ማቆየት ሕይወትን አሳልፎ መስጠት እንዳልሆነ ያሳያል።

7. ለማን ይሆናል? ለማንስ አይሆንም?

«በጥንቃቄ ለተመረጠ» ያልነውን በችኮላ አንለፈው። የተሻለ ውጤት የሚገኘው፥ ዕጢው አንድ ብቻ ሲሆን፥ ከሰባት ሳንቲ ሜትር ሲያንስ፥ በሚገባ ተፍቆ ሲወጣ፥ ከኩላሊት የሚወርዱት ሁለቱም ቱቦዎች በዕጢው ሳይዘጉ ሲቀሩ፥ ልስኑ ላይ በሰፊው የተዘረጋ ካንሰር ሳይኖር ሲቀር፥ ፊኛውም ራሱ በደንብ የሚሠራ ሲሆን ነው። ተኮማትሮ ሽንት መያዝ ያቃተውን ፊኛ በጨረር ማቆየት በሽተኛውን ማሠቃየት ነው። በቢልሃርዚያ ምክንያት የሚመጣው ካንሰር ብዙ ጊዜ ዓይነቱ ልዩ ስለሆነና ፊኛውም ቀድሞ የተጎዳ ስለሆነ፥ በአብዛኛው የሚታከመው በኦፕራሲዮን ነው።

«ታዲያ የታመመውን ወገን ብቻ ቆርጦ ማውጣት አይቻልምን?» የሚል ይኖራል። ይቻላል፤ ነገር ግን የሚሆነው ለጥቂቶች ነው፤ ዕጢው አንድ ብቻ ሆኖ አመቺ ቦታ ላይ፥ ለምሳሌ በፊኛው ጫፍ ላይ ሲገኝና የቀረው ልስን ንጹሕ ሲሆን።

8. ዋጋው

ጨረር በሚሰጥበት ወቅት ድካም፥ ማቃጠልና ተቅማጥ ይኖራል፤ አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይሻላል። በአሜሪካ ተከታታይ ጥናቶች ውስጥ ፊኛቸውን ይዘው ከቆዩት መካከል ዘግይቶ ከባድ የፊኛ ወይም የአንጀት ጉዳት ያገኛቸው ከመቶ ሰባት ያህል ነበሩ።

ትልቁ ዋጋ ግን ክትትሉ ነው። ፊኛው እስካለ ድረስ ካንሰር እንደ ገና ሊነሣበት ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየሦስትና በየስድስት ወሩ፥ ከዚያም በየዓመቱ፥ ሲስቶስኮፒ ያስፈልጋል። በጊዜው የተያዘ ትንሽ ዕጢ ይፋቃል፤ የባሰውም በጊዜው ከተያዘ ፊኛውን አውጥቶ ሕይወቱን ማትረፍ ይቻላል። ደኅና ነኝ ብሎ የቀረ ሰው ግን ፊኛውንም ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላል። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነም ዛሬውኑ መተው አለበት።

9. እኛ ምን ማድረግ እንችላለን?

በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት ብቸኛው የጨረር ሕክምና ክፍል በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውስጥ ነበረ፤ ወረፋውም ረጅም ነበር። በቅርብ ዓመታት ከአዲስ አበባ ውጭ፥ ለምሳሌ በጅማ፥ ተጀምሯል። ይህም ሆኖ ከሩቅ አገር የመጣ ገበሬ ለአራት ወይም ለስድስት ሳምንት በየቀኑ ሐኪም ቤት ሊመላለስ የሚችለው ማደሪያና ስንቅ ሲኖረው ነው። መሐል ላይ የተቋረጠ ጨረር ውጤቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ለዚህ በሽተኛ የአንድ ወር አልጋ፥ ምግብና የመኪና ዋጋ ከመድኃኒቱ የማይተናነስ ሕክምና ነው። ከዓመት በኋላ ለምርመራ የሚመለስበት የአውቶቡስ ዋጋም እንዲሁ። አስታዋሽ ዘመድ ወይም ጎረቤት መሆንም ገንዘብ የማይጠይቅ ትልቅ እርዳታ ነው።

በሽተኛውን ሸኝተን ወደ ሐኪም ስንገባ እነዚህን ጥያቄዎች ይዘን እንግባ፤

ሀ. ካንሰሩ ጡንቻው ውስጥ ገብቷልን? በተመረመረው ሥጋ ውስጥ ጡንቻ ነበረበትን?
ለ. ሁለተኛ ጊዜ መፋቅ ያስፈልጋልን?
ሐ. ፊኛውን አቆይቶ ለማከም ይሆናልን? ካልሆነ ምክንያቱ ምንድር ነው?
መ. የጨረር ሕክምናውን ስንት ሳምንት መጠበቅ አለብን? መጠበቁስ ጉዳት አለውን?
ሠ. ፊኛው ከቆየ ክትትሉ የት፥ በየስንት ጊዜው ይደረጋል?

ወረፋው ወራት የሚፈጅ ከሆነና ኦፕራሲዮኑ ቶሎ የሚገኝ ከሆነ፥ ፊኛን ለማቆየት ብሎ መጠበቅ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ይህ ከሐኪሙ ጋር በግልጽ ሊመከርበት ይገባል።

ለመወያያ

1. ሕመም የሌለው ደም በሽንት ታይቶ ቢጠፋ ለምን አንዘናጋም?
2. ካንሰሩ ጡንቻው ውስጥ መግባቱና አለመግባቱ ሕክምናውን እንዴት ይለውጣል?
3. ሦስቱ ሕክምናዎች ለምን በአንድነት ይሰጣሉ?
4. በአካባቢያችን ለክትትል መመለስ ያቃተው በሽተኛ አለን? የጎደለው ምንድር ነው?

አራተኛውን ጥያቄ በቃል ብቻ አንመልሰው። እንዲህ ያለ ሰው ካለ፥ በዚህ ሳምንት ቤቱ ሄደን የቀጠሮ ወረቀቱን እንዲያሳየን እንጠይቀው።